ጌጁ «ቀዝቃዛ ነው» ያለ ዕለት

መኪናዋን ስገዛት ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው አሮጌ ስፖርት መኪና፣ ያውም ለጋይንት መንገድ! አባቴ እንኳ መጀመሪያ የጫንኳቸው ቀን መቀመጫውን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ፣ «ተቀምጬ ነው ወይስ ተኝቼ ነው የምትወስደኝ?» ብለውኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ሰው ሲስቅብኝ ይብስብኛል።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም በዚያ ዓመት ደከመ። ለማንም አልተናገሩም። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸውና ቀረብ ብዬ ባይ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘውታል። የሚደግሙት በቃላቸው ነበር፤ ገጹን ግን ለእኛ ሲሉ በየመሃሉ ይገልጡታል። ወይኔ አባቴን! ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ቆይቶ ደብረ ታቦር የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት መጥተው በነጻ ቀዶ ሕክምና እየሰጡ ነው ተባለ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ስለነበር ወሬው የደረሰን ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሚኒባስ የለም። ያለችው የእኔዋ ጉድ ብቻ ናት።

የእሷ ችግር የሙቀት ጌጇ ነበር። ከሞተ ወራት አልፎታል፤ ሞተሩ ፈላ አልፈላ ቀስቷ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ዳገት በወጣሁ ቁጥር ቆሜ ኮፈኑን በእጄ እዳስሳለሁ፣ ውሃ እጨምራለሁ። ያን ቀን ግን ንፋስ መውጫ ላለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሰጠኋት። የእሷ ዓይነት ዕቃ ስለማይገኝ ሙቀት የሚለካውን ዕቃ ከአሮጌ ሚኒባስ ፈትቶ ገጠመላት። ቀስቷ ተነሳች!

«የሌላ መኪና ዕቃ ነው፣ ልኩን ላይናገር ይችላል። በእጅህም እየዳሰስክ ሂድ» አለኝ።

«እሺ፣ እሺ» አልኩት። ጆሮዬ የት ነበር?

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «የአምላክ ስም የተጻፈበትን ቀዩን ቀለም ብቻ ለይቼ ልይ እንጂ ሌላው ይቅርብኝ» ይላሉ። የጉናን ዳገት እንደተያያዝነው ቀና ብለው አየሩን ማሽተት ጀመሩ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል» አሉኝ።

«የመንገዱ ነው አባ።»

ጥቂት እንደሄድን ደግሞ፣ «ኧረ ይህ ነገር ሞቋል። እግሬን ያቃጥለኛል። እስቲ ቁም» አሉ።

ቀስቷን አየሁ። ታች ናት። ብቆም ሰዓቱ ይሄዳል። ደሜ ፈላና፣ «አባ፣ እኔ እኮ ጌጁን እያየሁት ነው! ቀዝቃዛ ነው ይላል! እርስዎ አያዩትም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አባቴ እጃቸውን ማኅደሩ ላይ አሳረፉ።

ሦስት ኩርባ እንኳ አልሄድንም፤ ሞተሩ ቋ! አለና ብረት ከብረት ነክሶ ቀጥ አለ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ወርጄ ብከፍተው ራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። የያዝኩት ጀሪካን እንደ ሞላ ከወንበሩ ኋላ ተቀምጧል።

መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳውለበልብ ዋልኩ። ያለፉት ሁለት የጭነት መኪኖች ናቸው፤ አንዱም አልቆመልንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እየሸከፉ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ተስፋዬ ተሟጠጠ። ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ዳሽቦርዱ አዞሩ።

«አሁንስ ምን ይላል?»

«ቀዝቃዛ ነው ይላል፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩን እስከ ዛሬ አላነሱብኝም።

ሐኪሞቹ ተመልሰው አልመጡም። አባቴ አሁንም ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ዳዊት ይደግማሉ። ገጹን መግለጥ ግን ትተዋል።