ባዶ ሳጥን አናስቀምጥም

ቢሮ ውስጥ «ቆንቋናው» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱም አልተቀየመኝም። ቆንቋናነቱ በገንዘብ አይደለም፤ ሻይ ለመጋበዝ ከሱ የሚቀድም የለም። የሚሰስተው ለቦታ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተርና አንድ እርሳስ፣ በቃ። መሳቢያውን ብትከፍቱት ገመዶቹ ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው፣ በመጠናቸው ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ስለ እኔ መሳቢያ ባናወራ ይሻላል።

የኔ ሥራ ፍተሻ ነው። እነሱ ፕሮግራም ይሠራሉ፣ እኔ የማይነካውን እየነካሁ እስኪበላሽ ድረስ እለፋለሁ። ዘመድ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ማበላሸት» ብዬ አርፋለሁ። እሱ ደግሞ ዳታቤዝ ሠሪ ነው፤ ሰው ፎርም ላይ የሚሞላው ሁሉ ገብቶ የሚያርፍበትን ቤት ያበጃል። በዕድሜ ስለምበልጠው «እትዬ» ይለኛል፤ እኔም ሲያሻኝ እቆጣዋለሁ፣ ሲያሻኝ ምሳዬን አካፍለዋለሁ።

የአንድ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ ሲሰጠን ከሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ያበላሹትን ነው የተረከበው። የመጀመሪያው ሰው ፎርሙ ላይ ምልክት ለሚደረግበት ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ዓምድ ሰጥቶ ነበር፤ ሠንጠረዡ ወደ ጎን ሰፍቶ ሰፍቶ አብዛኛው ዜሮ ብቻ ሆኗል። ሁለተኛው መላ አገኘሁ ብሎ፣ ሰው የመረጠውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ በነጠላ ሰረዝ እየለየ ጠቀጠቀው። «ዓይናቸው የደከመ ስንት ናቸው?» ብላችሁ ስትጠይቁት የያንዳንዱን ሰው ጽሑፍ እየፈታ ሲያዘግም ቁርስ በልታችሁ ትመለሳላችሁ።

ቆንቋናው ሁለቱንም አፈረሳቸው። አንዱ ሠንጠረዥ ሰዎቹን ብቻ ያዘ፤ ሌላው የምርጫዎቹን ዝርዝር፤ ሦስተኛው ደግሞ ማን ምን እንደመረጠ። ምልክት የተደረገበት ሳጥን አንድ ረድፍ ይሆናል። ምልክት ያልተደረገበት ግን ምንም አይሆንም፣ የትም አይጻፍም።

«ባዶ ሳጥን አናስቀምጥም፣ እትዬ» አለኝ። «ሰው የሌለበት ቤት መብራት ለምን ይበራል?»

ፈተሽኩት። አልበላሽ አለኝ። ፈጣን ነው፣ ቀጭን ነው፣ አንድ ትርፍ ነገር የለውም። አለቃችን ስብሰባ ላይ አስጨበጨበለት፤ እሱ ጆሮው ቀልቶ ወለሉን ሲያይ ትዝ ይለኛል።

ከሳጥኖቹ መሀል «እነማን ሊያዩኝ ይግቡ?» የሚል ክፍል ነበር። ባለቤት፣ ወንድምና እህት፣ ጎረቤት፣ የቆየ ጓደኛ። ልጆች የሚል አልነበረበትም፤ ልጅ ወላጁን ለማየት ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ ማንም የለም። ኋላ ግን የአንዲት አሮጊት ልጆች የቤት ውል ይዘው መጥተው፣ እናታችን አልጋቸው ላይ ሆነው ካልፈረሙ ብለው እርስ በርስ ተያያዙ። የመጦሪያው ኃላፊ በማግስቱ ደወለች።

«ልጆች የሚል ሳጥን ጨምሩልኝ» አለች። «ምልክት ያላደረጉት አረጋውያን ልጆች ከበር ይመለሳሉ። ማንም ይሁን ማን።»

በሱ አሠራር ሳጥን መጨመር ማለት ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰላት። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ነርሶቹም ታብሌት ይዘው አልጋ ላልጋ እየዞሩ፣ ቀድሞ የገቡትን አረጋውያን ስለ አዲሱ ሳጥን ጠየቁ።

ያን ጊዜ አባቱ እዚያ መሆናቸውን አያውቅም ነበር።

አባቱ አናጺ ናቸው። እናቱ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፣ መጋዙን ግን አልተዉም። አንድ ቀን አውራ ጣታቸውን ለጥቂት ሳተው። ልጁ ፈራ። ሰውዬው ገበያ በወጡበት የኤሌክትሪክ መጋዙን ነቅሎ፣ አስጭኖ፣ ለአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሰጠው። አባት ሲመለሱ መጋዙ የነበረበት ቦታ ብቻ ከሰጋቱራ ነጽቶ አገኙት።

«ሳትጠይቀኝ?» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ሲያንኳኳ አልከፈቱም፣ ሲደውል አላነሱም። እሱም «ይብረድላቸው» እያለ ቆየ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን የሚያደርገውን ደግነት እንኳ ብቻውን ነው የሚወስነው፤ ይህን ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ።

ቆይቶ ስልክ የደወለለት የአባቱ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ነው። ቢሮ ነበርን፣ ድምፁ ለኔም ይሰማኛል። «አባትህ ከተጋደሙ ሰነበቱ። ስትሮክ ነው ይላሉ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ንግግራቸውም ሄዷል። አፋቸው ሳይያዝ በፊት፣ ምንም ቢሆኑ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን ሆዴ አልቻለም። መጦሪያ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።» የመጦሪያውን ስም ሲነግረው ቆንቋናው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ያው እኛ የሠራንለት መጦሪያ ነው።

ብቻውን አልለቀውም ብዬ አብሬው ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ናት፣ ትሕትናዋ የሚገርም። መታወቂያውን አየች፣ የኮምፒውተሩን ማያ አየች።

«ጎረቤት የሚለው ላይ ምልክት አለ። ልጆች የሚለው ላይ ግን የለም። በጣም ይቅርታ።»

«ስላልፈለጉ ነው ወይስ ስላልተጠየቁ?»

«እሱን የሚያውቀው ሲስተሙ ነው» አለች።

እኔ ወደሱ ዞርኩ፤ እሱ ወለሉን አየ። ሲስተሙ የሚያውቀውን ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። አባቱ «አይግባብኝ» ብለው ከሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ነርሷ ስትመጣ ተኝተው፣ ሳይጠየቁ ታልፈው ከሆነም የተጻፈ ነገር የለም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄኔ ነው።

ቢሮ ተመልሰን ፍለጋ ጀመርን። የመጠባበቂያ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ፤ ባዶ ነገር ቢገለበጥ ያው ባዶ ነው። ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ ፋይል ነበረን፤ እሱንም ቦታ እንዳይፈጅ በየጊዜው እንዲጠፋ ያደረገው ራሱ ነው። መጦሪያው በወረቀት መመዝገብ ትቷል፤ ያስተወውም የኛ ሥራ ነው። በመጨረሻ ያኔ አልጋ ላልጋ የዞረችውን ነርስ ስልክ አገኘን፤ ሌላ ቦታ ተቀጥራለች።

«ሁሉንም ጠይቄያለሁ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ግን «የተኙም ነበሩ፣ ሐኪም ቤት የተወሰዱም ነበሩ። እመለስባቸዋለሁ ብዬ... አናጺው? እጆቻቸው ትልልቅ የሆኑት?» አለች። «እንጃ ወንድሜ። ልዋሽህ አልችልም።»

አመሰገናት። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቀረ።

አለቃችን ጉዳዩን ሲሰማ ሳቀ። «ምን ታካብዳለህ? አንድ ረድፍ አይደለም? አስገባና ሂድ ግባ! ማን ያይሃል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያይም። እኔም ያንኑ ነው ያልኩት፤ እንዲያውም «ተነስ ከወንበሩ፣ እኔ አስገባዋለሁ» ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ግን እጁን ቁልፎቹ ላይ ጭኖ አልንቀሳቀስ አለ።

«አንዴ ሳልጠይቃቸው አድርጌያለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ገብቼ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ? ውጣልኝ ማለት እንኳ አይችሉም እኮ።»

እጄን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ።

ከዚያ ሳጥኑን አዲስ አድርጎ ሠራው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መልስ፦ ይፈልጋሉ፣ አይፈልጉም፣ አልተጠየቁም። ባዶ ትቶ ማለፍ ከለከለ። የቀድሞዎቹን፣ ምልክት የሌላቸውን በሙሉ፣ «አልተጠየቁም» ብሎ ሞላቸው። ከመሀላቸው አጥብቀው እምቢ ያሉ እንዳሉ ያውቃል፤ ግን የትኞቹ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለባዶ ሳጥን ቦታ የሚሰስተው ሰውዬ ለሁሉም ረድፍ ሲሰጥ አጠገቡ ቆሜ አየሁ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ኃላፊዋ ደስ አላት። «እንግዲህ አባትህን እንጠይቅልህ፣ ቅዳሜ ና» አለችው።

ቅዳሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ መጣ። እታች የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ነርሷ ታብሌቷን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። እሱ ኮቱን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰ። «መጀመሪያ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ሰላም በላቸው፣ ሌላው ራሱ ይመጣል» አልኩት። ነርሷ ስትወርድ ሁለታችንም ተነሳን።

«ጠየቅኋቸው» አለች። «ልጅዎ እታች ነው፣ ይግባ ወይ? አልኳቸው። እሺ ከሆነ በደህናው እጅዎ ጣቴን ይጫኑኝ፣ እምቢ ከሆነ ይግፉት ብዬ እጄን ሰጠኋቸው። ቀና ብለው ብዙ አዩኝ። እጃቸውን ግን አላንቀሳቀሱም።»

«ሰምተውሻል?»

«የሰሙ ይመስለኛል።»

«እንባስ? ዓይናቸው ላይ...»

«እንባ አለ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ግን እሱ ሁልጊዜም አለ። ከሕመሙ ነው።» ታብሌቷን ወደሱ አዞረች። «እና የቱን ልምታ?»

ሦስቱን ቃላት አያቸው። እሱ ራሱ የጻፋቸው ናቸው። «ዝም ብለሽ ተዪው» አላት።

«አይለቀኝም። ባዶ አልቀበልም ይላል።»

«ይፈልጋሉ» ቢባል ውሸት ነው። «አይፈልጉም» ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ ይዘጋል፤ የመጦሪያው ደንብ ነው፣ ሽማግሌው ራሳቸው ካልጠሩት በቀር ዳግም አይነሳም፣ እሳቸው ደግሞ መጥራት አይችሉም። ነርሷ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ትንሽ ቆየች። «አልተጠየቁም ልበለው» አለች። «እንዲያ ከሆነ የሚመጣው ቅዳሜም ልጠይቃቸው እችላለሁ።» ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

መንገድ ላይ «አራተኛ መልስ ጨምርበታ!» ብዬ ጮህኩበት። «ተጠይቀው አልመለሱም በለው!»

«ከዚያስ፣ እትዬ? በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል?»

ታክሲ ለማስቆም እጄን ዘረጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቶበት አያውቅም። አንዳንዴ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ፤ ነርሷ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ፊቷን አይቶ ለመሄድ ኮቱን ይቆልፋል። አባቱ በየሳምንቱ ይጠየቃሉ። መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «አልተጠየቁም» ነው የሚለው።