የቮልሷ መሪ

ከቤቴ ፊት ለፊት ጎሚስታ ተከፍቷል። ጠዋት መስኮት ስከፍት የሞቀ ጎማ ሽታ ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይዘጋው ነበር፤ እኔ ከፍቼ እቆማለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱን የሚያመጣልኝ ይህ ሽታ ነው። የሚወስደኝም ሁልጊዜ ወደ አንድ ቀን ነው፤ ቡራዩ፣ አባቱ ግቢ፣ ከአሮጌዋ ቮልስ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታይ ወደነበረበት ቀን።

ያኔ ከተዳርኩ ዓመት አልሞላኝም። የማስተር ፕላኑ ነገር አገሩን ያመሰበት ጊዜ ነበር። መሬታችን ወደ አዲስ አበባ ሊከለል ነው እየተባለ ወጣቱ ወጥቶ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይነድ ነበር። የባሌ ታናሽ ወንድም ሰበታ ይማር ስለነበር ከሰልፍ ላይ ታፍሶ እዚያው ታሰረ። ገብቶ ማየት አይቻልም፤ የሚቻለው ስንቅ ማቀበል ብቻ ነው። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ይቀበላል፣ ቆይቶ ይመልሳል። ወሬያችን ያ ዕቃ ነበር። ባዶውን ከመጣ ልጁ አለ ማለት ነው። እንደሞላ ከተመለሰ ግን ወዴት እንደወሰዱት የሚነግር የለም።

ከዚያ አድማ ተጠራ። ሚኒባሱ ቆመ፣ ሱቁ ተዘጋ። ስንቅ ሳይደርስ ቀናት አለፉ። የባሌ እናት ምግብ መቅመስ ተዉ፤ ማዕድ ሲቀርብ «ልጄ ሳይበላ?» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የቀረችን የአባትየው ቮልስ ነበረች፤ እሷም መሪዋ አልቆ ከቆመች ቆይታለች። መሪው ሲዞር ጎማዎቹ ዘግይተው ነው የሚታዘዙት፤ ዘንጉም ላይኛው ጫፉ ላይ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል።

ባሌ መካኒክ ነበር። ዘንጉን ነቅሎ ጆንያ ላይ አጋደመው። ከታች ዘንጉን ከቀረው የመሪ ዕቃ ጋር የሚያያይዘው ክብ ጎማ እጁ ላይ ተፈረፈረ። መለዋወጫ የሚገዛበት የለም። ጥቂት አሰበና ዓይኑ አባቱ እግር ላይ፣ በርባሶው ላይ አረፈ።

«አባ፣ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

«ምነው፣ እግሬን ልታጥብ ነው?»

«ለመኪናዋ ነው።»

«እኔ በባዶ እግሬ ልሂድ፣ እሷ ጫማ ታድርግ!»

በርባሶው ከከባድ መኪና ጎማ የተሠራ፣ ወፍራም ነበር። ባሌ ልኩን በከሰል አሰመረበት፤ ቢላውን ውኃ ውስጥ እየነከረ ቆረጠ፤ ቀዳዳዎቹን በጋለ ሚስማር በሳ። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን። የዘንጉን ላይኛ ጫፍ ከቆርቆሮ ቆርጦ ባወጣው ቀጭን ልባስ አጥብቆ፣ ግሪስ ቀብቶ መለሰው። አባትየው አንድ እግራቸውን በሌላው ላይ ደርበው ይተርቡታል። «ቀስ! ካንተ ቀድማ ነው የተወለደችው፤ አንቱ እያልክ ሥራት።» እሱ ከሥር ይስቃል። ያን ሳቅ አሁንም፣ ይህን ስጽፍ፣ ከቆርቆሮ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ እሰማዋለሁ።

መሪውን ሲያስር ቀጥ አድርገው የያዙለት አባትየው ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟልና ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ ታሰረ። ፈትቶ ለማስተካከል ጊዜ አልነበረንም።

የባሌ እናት ምሳ ዕቃውን በነጠላ ቋጥረው ጭኔ ላይ አኖሩት። ከከተማው ሳንወጣ ወጣቶች አስቆሙን።

«አካም ቡልታን ኢጆሌ?» አሉ አባትየው፣ እንዴት አደራችሁ ልጆች ማለታቸው ነው።

«ኦቦ፣ አድማ ነው። መኪና አያልፍም።»

«አድማችሁን አከብራለሁ። ልጄ የታሰረው እናንተ በምትጮኹበት ነገር ነው። ምሳውን ላድርስለት?»

ወጣቶቹ ድንጋዩን ራሳቸው አነሱ። አንዱ ወደ ውስጥ አጎንብሶ፣ «ኦቦ፣ መሪው እኮ ጠማማ ነው!» አለ።

«እኛስ መቼ ቀጥ ብለን እናውቃለን!»

ሰበታ ደረስን። ጠባቂው ዕቃውን ተቀበለ። ፀሐይ ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅን። ሲመለስ ባዶ ነበር፤ ምንም ያልቀረበት፣ ተጠርጎ የተበላ። አባትየው ሰማይ ሰማይ አዩ። ባሌ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ነዳ።

እናትየው በር ላይ ነበሩ። «ኛቴ?» አሉ፤ በላ ወይ?

«ጠርጎ ነው የበላው!» አሉ አባትየው።

እናትየው ዕቃውን ከእጄ ወስደው ከፈቱ። ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ። «ቃሪያውስ?» አሉ።

ማንኛችንም ስለ ቃሪያ አናውቅም ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቃሪያ አፉ ገብቶ አያውቅም። እናትየው ለማንም ሳይናገሩ አንድ ቃሪያ ጠርዙ ላይ ሸጉጠዋል። የሚበላው እሱ ከሆነ ቃሪያው ይመለሳል። አልተመለሰም።

«እኔ በላሁት፣ እማ» አለ ባሌ። «ርቦኝ ነበር።»

ባሌ ለደንበኛ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔ ዕቃውን ከሰበታ ጀምሮ ጭኔ ላይ ይዤው መጥቻለሁ። እናትየው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሆዳም» አሉት። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፤ ከስንት ቀን በኋላ እንጀራ ቆረሱ።

በዚያው ክረምት አረፉ፤ ልጃቸው ሰበታ እንዳለ አምነው። ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሩቅ ቦታ ተፈትቶ መጣ። ያን ምሳ ማን እንደበላው አናውቅም።

ባሌ የታመመ ጊዜ፣ ሐኪሙ ከወጣ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ይሻልሃል አይደል?» አልኩት። አዎ ቢለኝ አምነው ነበር። የእውነቴን ነው፣ ምንም ሳልመረምር አምነው ነበር። እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ለእናቱ የቻለውን ለእኔ አልቻለም።