የእትዬ በላይነሽን ቤት ታሪካዊ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ቆቦ ውስጥ ስለ ድሮ ነገር ክርክር ከተነሣ ሰው የሚላከው ወደ እኔ ነው። እንዲህ የሚታመን ሽማግሌ «ዋሽቻለሁ» ብሎ እንዴት አፉን ይክፈት? ለማታውቁኝ ለእናንተ ግን ልናገር።

በንጉሡ ዘመን፣ በጎረምሳነቴ፣ የከተማው አስጎብኚ እኔ ነበርሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ማንበብ የተማርሁት ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከሾፌሮች ለቃቅሜዋለሁ። ወደ መቀሌ የሚያልፍ መኪና ለምሳ ሲቆም እንግዶቹን ይዤ ወደ ድሮው ሰፈር እገባለሁ። ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጣሊያን ትቶት የሄደውን የድንጋይ ቤት አሳያለሁ። ከሮቢት እስከ ዋጃ እንደ እኔ አሳምሮ የሚያወራ አልነበረም፤ ይህን ዛሬም አልደብቅም።

ጉብኝቱ ግን መጨረሻው ላይ ይቀዘቅዝብኛል። የመጨረሻው ቤት የእትዬ በላይነሽ ነበር። ባላቸው ሞቶባቸው ከፍየሎቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤቱ አባታቸው በእጃቸው የሠሩት ሰፊ ክብ ሳር ቤት ነው። አንድ ቀን እንግዶቹ ሲያዛጉ አየሁና «እዚህ ቤት ውስጥ የጥንት የራያ ባላባቶች ለችሎት ይቀመጡ ነበር» አልሁ። እዚያው በቆምሁበት ፈጠርሁት። እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ!

እትዬ በላይነሽ መጀመሪያ ሳቁ። «አንተ ሞላ፣ ፍየሎቼ ከባላባት ጋር ነዋ የሚያድሩት!» አሉኝ። በራቸውንም ይከፍቱልኝ ነበር። እኔም ውሸቴን አሳደግሁት፤ ፍየል የሚያስሩበትን ምሰሶ ወንበዴ ይታሰርበት ነበር አልሁ።

አንድ ቀን ከላይ የመጣ ሹም አስጎበኘሁ። «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ፍየል ያድራል?» ብሎ ተቆጣ። ቤቱ ለታሪክ ይጠበቅ፣ ሴትዮዋም ከከተማው ዳር ቦታ ይሰጣት ብሎ አዘዘ።

«ጌታዬ፣ አባቴ ናቸው የሠሩት። ጭቃውን በእግሬ የረገጥሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አዋቂው እሱ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ።

እሳቸውም ዞሩ። «ንገራቸው እንጂ፣ ሞልዬ።»

ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። እኔ ምን አልሁ? «አባትዎ አድሰውት ይሆናል እንጂ፣ እትዬ፣ ቤቱስ የጥንት ነው» አልሁ።

ፈርቼ ነው እንዳልል ሹሙ ወዶኝ ነበር። ያስገደደኝም የለም። «አዋቂው እሱ ነው» ያለው ቃል ጣፍጦኝ ነው። በዚያ ቃል አንዲት መበለት ከአባቷ ቤት አስወጣሁ። እኔ ነኝ ያስወጣኋት።

የቤቱን ቁልፍ ሹሙ ለእኔ ሰጠኝ። ሳር ቤት ደግሞ እሳት ካልነደደበት፣ ጭስ ካላገኘ አይቆይም። ምስጥ ገባበት፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ተደረመሰ። እሳቸው በተሰጣቸው ቦታ ላይ ቤት የሚሠሩበት ጉልበት ስላልነበራቸው ገጠር ባለች አንዲት ዘመዳቸው ጓዳ ተጠግተው ነበር። አንድ የገበያ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ልነሣ ስል ትከሻዬን ያዙኝና፣

«ሞልዬ፣ ቤቴ ውስጥ እሳት ያነድዱበታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። በየቀኑ» አልሁ።

«ተመስገን» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ለዚያ ለሁለተኛው ውሸት «አዝኜላቸው ነው» እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን ሸነገልሁ! አላዘንሁም። ፈረሰ ብል ለምን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው የሉም። እናንተም ይቅር በሉኝ አልልም። ብቻ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ስለ ባላባቶቹ ችሎት ቢነግራችሁ፣ ያ ቤት የበላይነሽ አባት ቤት እንደ ነበር ንገሩት።