የሻምፒዮኑ ቀኝ እጅ

የያዙኝ እያስተማርኩ ሳለሁ ነው። ቡታጅራ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት። ሁለት ፖሊሶች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። አንደኛው ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ጨዋነቱ አሳሳተኝ። ከትምህርት ቤቱ በር እንደወጣን ያው ሰው በሰደፍ ወገቤን ሲለኝ በግንባሬ ተደፋሁ።

ጥፋቴ የመስቃን ጭሰኞች በተከራየኋት ክፍል እየመጡ እንዲመክሩ በሬን መክፈቴ ነበር። ባለርስቱ ከመሬታቸው ሊያስነሳቸው ነበር። ከእኔ የሚፈለገው የሰዎቹ ስም ብቻ ነው።

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብናኙ እየተነሳ ያስነጥሰናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከምርመራ ሲመልሱን ነው። በጉማሬ አለንጋ የተተለተለ ጀርባ እዚያ ወለል ላይ ሲያርፍ፣ ግርፋቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ሆኜ ስወረወር አንድ ትልቅ እጅ ብብቴን ይዞ አነሳኝ።

«በጀርባህ አይሆንም፣ አስተማሪ። በሆድህ ተኛ» አለኝ። ከዚያ ነጠላውን ከሥሬ አነጠፈልኝ።

ሰውየው እግር ብረት ነበረበት። ትከሻው የግድግዳውን እኩሌታ ይሸፍናል፤ አፍንጫው ተሰብሮ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። ሁሉም ሻምፒዮን ይሉታል። በጦር ሠራዊት ሳለ ለዓመታት የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። አገልግሎቱን ጨርሶ እናቱ ዘንድ ሲመለስ የባለርስቱ ወኪል ቤታቸውን እያስፈረሰ፣ ታላቅ ወንድሙን በአለንጋ ሲገርፍ ደረሰ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት» አለኝ። የወኪሉ መንጋጋ ግን ከሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ዱላ እንዴት እንደሚቻል ያስተማረኝ እሱ ነው። «ሲመጣብህ ትንፋሽህን አውጣ። ጥርስህን ግጠም፣ ምላስህን ወደ ውስጥ ሰብስብ። ዓይንህን አትጨፍን፤ ሰውን የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነው።» በሚቀጥለው ምርመራ እንዳለኝ አደረግሁ። ሕመሙ አልቀነሰም። ግን አፌን ገጥሜ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መብረድ ሲጀምር ስለ ግጥሚያዎቹ እናስወራዋለን። መኩራራት አያውቅም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ዋንጫውን መጀመሪያ የወሰደው በጦር ሰፈር ሜዳ፣ በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ገመድ ውስጥ ነው። ተጋጣሚው ማንም ያልጣለው አንድ አስር አለቃ ነበር። በመጀመሪያው ዙር አስር አለቃው የሻምፒዮኑን አፍንጫ ሰበረው። «ዳኛው ደሙን ካየ ያስቆመዋል ብዬ እውጠው ጀመር» አለን። «ሆዴ በገዛ ደሜ ሞላ። አስር አለቃው ስለደከምኩ መስሎት እጁን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ አገኘሁት።» ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ከነእንጨቱ ተነቅሎ አብሮት ወደቀ።

ሁለተኛው ምጽዋ ነው፤ ከአንድ የውጭ አገር መርከብ ከወረደ ባሕረኛ ጋር። ባሕረኛው በአውራ ጣቱ ዓይኑን ወጋው። ከዚያ በኋላ ሻምፒዮኑ በአንድ ዓይኑ ብቻ ተዋጋ፤ በማያይበት በኩል የሚመጣውን በሰውየው ትንፋሽ እየለየ። መጨረሻ ላይ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ጉበቱ ላይ አሳረፈበት። ባሕረኛው በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ አስመለሰ።

ትልቁ ግን አዲስ አበባ፣ ከካርቱም ሻምፒዮን ጋር ያደረገው ነበር። ሁለቱም በእኩል ቆሙ፣ በእኩል ደሙ። በመጨረሻው ዙር አንድ ላይ ተማትተው አንድ ላይ ወደቁ። ዳኛው ከሁለቱ መሐል ቆሞ መቁጠር ጀመረ። «መነሳቴን አላስታውስም» አለን። «እጄን ከፍ ሲያደርጉት ነው ያወቅሁት።» በማግስቱ ብርቱካን ገዝቶ የካርቱሙን ሰው ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄደ። ቋንቋ ስለማይግባቡ ዝም ብለው ብርቱካኑን ሲበሉ ዋሉ።

ከእኛ ጋር አንድ የመስቃን ሽማግሌ ነበሩ፤ ከማሳቸው አልነሳም ብለው የታሰሩ ጭሰኛ። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ያ የካርቱሙ ሰው ምን አድርጎህ ነበር?»

«ምንም፣ አባቴ።»

«እሱንስ ምን አድርገኸው ነበር?»

«ምንም።»

«አላህ ይማራችሁ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከታሰርን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

የጣቢያው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ቦክስ ይወድ ነበር። የካርቱሙን ግጥሚያ በዓይኑ አይቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻምፒዮኑን ከክፍል እያስወጣ ያሳያል፤ «ክንዱን ንኩት» ይላል፣ የገዛውን በሬ እንደሚያስጎበኝ ሰው።

አንድ እሑድ ሁላችንንም ወደ ጓሮ አስወጡን። ወንበሮች ተደርድረዋል። ሃምሳ አለቃው መሐል ተቀምጧል፤ ከጎኑ መንጋጋው የተሰበረው የባለርስቱ ወኪል አለ። አፉ በደንብ ስለማይከፈት ጠላውን በጥርሱ መሐል እየመጠጠ ይጠጣል።

እኔን ጎትተው መሐል አቆሙኝ። ሸሚዜን አወለቁ። ከዚያ ሻምፒዮኑን ከፊቴ አመጡት።

«አስተማሪው ስም አልናገርም ብሏል» አለ ሃምሳ አለቃው። «አንተ አናግረው። ካናገርክ እግር ብረቱ ዛሬ ይፈታልሃል። ወንድምህም ይለቀቃል።»

ወንድሙ ሌላ ክፍል ታስሮ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሻምፒዮኑን ቀና ብዬ አየሁት። እንዲህ ዓይነት ሰው አንድ ጊዜ ቢመታኝ እንደማልነሳ አውቃለሁ። ትንፋሼን አወጣሁ፣ ጥርሴን ገጠምኩ፣ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

እሱ ግን ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ።

«ሚዛኔ አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ሚዛኔ አይደለም፣ ጌታዬ። ከሚዛኔ ውጭ ሰው አልመታም።»

ከዘበኞቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያከፋው። ሃምሳ አለቃው ጆሮው ድረስ ቀላ።

«በየትኛው እጅህ ነው ጌቶችን የመታኸው?» አለው።

ወኪሉ በማይከፈት አፉ «በቀኙ» አለ።

ሁለት ዘበኞች ሊጎትቱት መጡ። «አትጎትቱኝ» አላቸው። እግር ብረቱን እየጎተተ ወደ ጓሮው የድንጋይ ደረጃ ሄደ። ተንበረከከና ቀኝ እጁን ራሱ ድንጋዩ ላይ ዘረጋ።

በሰደፍ መቱት። የመጀመሪያው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሁለተኛው እርጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱ ምት ስቶ ድንጋዩን ሲያገኘው የእሳት ብልጭታ ወጣ። ሽማግሌው ከኋላዬ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ፣ በእያንዳንዱ ምት። የክርስቲያኑም የእስላሙም ድምፅ አብሯቸው ያጉረመርም ጀመር።

አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ሰው ስም ምላሴ ላይ ነበር።

ሻምፒዮኑ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩን ነክሶ ደሙ በአገጩ ይወርዳል።

«ዝም በል!» አለ። «ዙሩ አላለቀም።»

አፌን ገጠምኩ። ሃምሳ አለቃው ይብቃ እስኪል ድረስ ሻምፒዮኑ እጁን ከድንጋዩ ላይ አላነሳም። ሲያነሳው እጅ አይመስልም ነበር። ጣቶቹ በየአቅጣጫው ሄደዋል፤ አንድ ነጭ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ሸሚዜን ቀድጄ ጠቀለልኩለት። ወደ ክፍላችን ከገባን በኋላ ነው ራሱን የሳተው።

በቀጣዩ የጠያቂ ቀን እናቱ መጡ። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ይዘዋል። ትኩሳቱ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ ግን ፊቱን አጥቤው፣ እኔን ሳይደገፍ ወጣ። እኔ ጠያቂ ባይኖረኝም ምግቡን እንድቀበልለት ዘበኛው ፈቀደልኝ። ጉራጊኛቸውን ያን ጊዜ እሰማ ነበር።

«ቀኝህን አምጣ» አሉት።

«ግራዬ አይበቃም፣ እማዬ?»

«ቀኝህን አልኩህ።»

ከነጠላው ሥር አወጣው። ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት።

«ምን ሆነ?»

«ወደቅሁ።»

«አንተ?» አሉት። «አንተ መቼ ነው ወድቀህ የምታውቀው?»

እናቱ አላለቀሱም። ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ በረንዳው ላይ ወደተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ዞረው በተሰባበረ አማርኛ ተናገሩ።

«ጌታው፣ ይሄ እጅ የኔ ብቻ አይደለም። ለናንተም ዋንጫ አምጥቶ ነበር።»

«ሰዓት አልቋል» አለ ሃምሳ አለቃው።

ሴትዮዋ እንዳልሰሙ ሆኑ። ቅጠሉን መሬት ላይ ዘረጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቆጮውን ከአይቡ ጋር ጠቀለሉ። ልጃቸው ጎንበስ አለላቸው። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ በእናቱ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ አፉን ከፈተ። አጎረሱት። ጥድፊያ የለም። አንዱን ውጦ እስኪጨርስ እየጠበቁ ሌላውን ያዘጋጃሉ። ዘበኛው ወደ ሃምሳ አለቃው ተመለከተ። ሃምሳ አለቃው ተነስቶ ወደ ቢሮው ገባ። ቅጠሉ ባዶ እስኪሆን ማንም አላስቆማቸውም።

መንግሥት ሲለወጥ የሻምፒዮኑ ወንድም ጭምር ሁላችንም ተፈታን። ጭሰኞቹ ስማቸው ሳይነሳ ቀረ፤ መሬቱም ለእነሱ ሆነ። ሻምፒዮኑ በግራ እጁ መቆፈር ለመደ፣ በርበሬ ተከለ፣ ልጆች አሳደገ። ቤቱ እየሄድኩ ደጋግሜ ጠየቅሁት። ስለ ቦክስ ስናወራ የካርቱሙ ሰው በሕይወት ይኖር እንደሆነ ያስባል እንጂ ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ሃምሳ አለቃውን ከብዙ ዓመት በኋላ ወልቂጤ አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። እሱ ነው ያወቀኝ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ያ ሰው በሕይወት አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«እኔ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አዲስ አበባ። እንደሱ የሚመታ ሰው በዚህ አገር አልነበረም።» ከዘራውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «እጁ ዳነ?»

«አልዳነም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ነገር እንደሚናገር ጠበቅሁ። እንዲናገርም የፈለግሁ ይመስለኛል። ረዳቱ «ቡታጅራ! ቡታጅራ!» እያለ ሲጣራ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ ሃምሳ አለቃው እዚያው ቆሞ ነበር። እጁን አነሳልኝ። እኔም፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ እጄን አነሳሁለት።