ግማሽ ማንኪያ ጨው

የአማርኛ አስተማሪያችን ዛሬ ጠዋት ደብተሬን ሲመልሱልኝ «ሰኞ በሰልፍ ላይ፣ በሚኒ ሚዲያው ራስሽ ታነቢዋለሽ» አሉኝ። እኔ! አምና ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፄ አልወጣ ይለኝ የነበርኩት! ከዚያ ወዲያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማርን አላውቅም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጎሸም አደረገችኝ።

«ስለ ምን ብትጽፊ ነው?»

«ስለ ጨው።»

«ስለ ጨው? ሰው ስለ አገር፣ ስለ እናት ይጽፋል፤ አንቺ ስለ ጨው! ለከርሞ ደግሞ ስለ በርበሬ በያ!»

ትሳቅ። ያን ቀን እሷ አላየችውም።

እኛ ቤት ጨው የማይገባበት ሕመም የለም። ጉሮሯችንን ሲያመን ለብ ባለ የጨው ውኃ እንጉመጠመጣለን። እሾህ የወጋው እግር በጨው ውኃ ይነከራል። ሆዴን ሲቆርጠኝ እናቴ ጨው አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ታስደግፈኛለች። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ማለቴ ነው፣ ከአሞሌ የተሰበረች ጨው በመቀነታቸው ሳይቋጥሩ ከቤት አይወጡም። «ጨው ማንን ገድሎ ያውቃል?» ይላሉ። እኔም እንደዚያው ነበር የማምነው።

እናቴና አባቴ ለለቅሶ ወገል ጤና ከተማ ሄደው፣ እኔና ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሜ ከአክስቴ ጋር ቀረን። በማግሥቱ ገና ሲነጋ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። እኩለ ቀን ሳይሆን ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት ቁጥሩ ጠፋኝ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ። ዶሮ ሲያይ የሚፈነድቀው ልጅ ዶሮዋ እግሩ ሥር ስትጭር ዝም ብሎ አያት።

አክስቴ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» አሉ። አፋቸው እንዲያ ይበል እንጂ እጃቸው ከግንባሩ አልተነሣም።

ያን ጊዜ ደብተሬ ትዝ አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈራችን መጥታ ስታስተምር እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎንብሼ አንዲት ቃል ሳትቀረኝ ጽፌያለሁ፦ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ስድስት ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው።

ውኃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩና ቱሪስት በጣለው በአንድ ሊትሩ ፕላስቲክ ለካሁ። ማንኪያ ፈለግሁ። እኛ ቤት ማንኪያ ማለት አንድ ነው፤ ወጥ የምናወጣበት የእንጨቱ። ከአሞሌው ፈልጬ፣ በድንጋይ አድቅቄ፣ በዚያ ማንኪያ ግማሽ አደረግሁ። ስኳሩ ግን ሁለት ማንኪያ እንኳ አልሞላም።

«ተይው፣ ዋናው ጨው ነው» አሉ አክስቴ።

ፕላስቲኩ ውስጥ በጥብጬ ብቀዳለት ወንድሜ አንድ ኩባያ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። ደስ አለኝ! ደገምኩለት። እሱንም ጨልጦ እጁን ወደ ኩባያው ዘረጋ፤ ወዲያው አስመለሰው። ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ ጉንጩን ልጠርግ እጄን ብሰድ ደረቅ ነው። ልጅ እያለቀሰ እንባ የለውም! ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረውን ቀመስኩት። ምላሴ ተኮማተረ።

ገደልኩት አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ሳይሆን በሆዴ።

በነጠላ አዘልኩትና ፕላስቲኩን እንደያዝኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። አክስቴ ከዘራቸውን እየመረኮዙ ከኋላዬ «ቀስ በይ፣ ትወድቂብኛለሽ!» ይላሉ። ጤና ኬላው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ፕላስቲኩ ነበር። ብደፋው ማን ያውቃል? ተቅማጥ ነው፣ እግዜር ያመጣው ነው ይባላል። እናቴም እኔን አትጠላኝም። ክዳኑን ከፈትኩት። የወንድሜ አንገት እንደ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ዘንበል አለ። መልሼ ከደንኩት።

ሲስተር የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

«ምን ሰጣችሁት?»

«ምን እንሰጠዋለን ልጄ፣ ውኃ ነው እንጂ» አሉ አክስቴ፣ እኔን ሳያዩ። እኔን ሊያድኑኝ እንደሆነ ገባኝ። ፕላስቲኩን ዘረጋሁላት። ቀመሰችና ተፋችው።

«በምን ማንኪያ ነው የለካሽው?»

በእጄ ርዝመቱን አሳየኋት። ትቆጣኛለች ስል ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ ትንሽ የሻይ ማንኪያ አንሥታ አየቻት። ሰፈራችን ስታስተምርም ይዛት የነበረችው እሷን ነው፤ እኔ ግን አጎንብሼ ስጽፍ አላየሁም።

«'የሻይ' ሳልል ቀርቼ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የፓኬት ዱቄት በጥብጣ ብርጭቆውን ሰጠችኝ። «ቅመሺ። ቤት የምትበጠብጪው ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለሽ፣ ለልጅ አይሆንም።»

«እንባ ምን ምን እንደሚል አላውቅም።»

«ጉንጭሽ ላይ አለልሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ለካ እያለቀስኩ ነበር።

በትንሿ ማንኪያ አንድ አንድ ጊዜ እንሰጠው ጀመር። «ፀሐይ እዚያ ገደል ጫፍ ሳትደርስ ካልሸና ላሊበላ ጤና ጣቢያ ነው የምንወስደው» አለች። አክስቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እመቤታችንን ይማጸናሉ። እኔ አንድ ዓይኔ ገደሉ ላይ፣ አንዱ ማንኪያዋ ላይ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ ያን ቀን የምትሮጥ ነው የመሰለኝ።

ፀሐይዋ ገደሉን ልትነካ ስትል ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ቀሚሴ ራሰ።

«ሸናብኝ! ሲስተር፣ ሸናብኝ!»

አክስቴ እልልታቸውን አቀለጡት። ለሽንት እልል ሲባል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ሲስተርም ሳቀች፤ ቢሆንም እስኪመሽ ከአጠገቧ አላስነሣችንም።

እናቴ ስትመለስ ከአክስቴ ቀድሜ ሁሉንም ነገርኳት። ወንድሜን ተቀብላኝ አቀፈችው። ከዚያ «እንኳን ውኃውን አልደፋሽው» አለች።

ሲስተር አሁን በየገበያው ቀን ጤና ኬላው ላይ በጥብጣ ታሳያለች፤ ጽፌ ለሰው እንዳዳርስላትም ለምናኛለች። እንግዲህ ሰኞ በሰልፍ ላይ የማነበው ግብዣዋ ይኸው፦ ከገበያ ስትመለሱ ጎራ በሉ፤ ቤት ያለችውን ማንኪያ ይዛችሁ ኑ፣ የእንጨትም ብትሆን አትፈሩ። እኔም እዚያው ነኝ፤ መጀመሪያ የምትቀምሱት ከእኔ እጅ ነው።