የተባረከው ኮረብታ

ንፋስ መውጫ ከተማ መስኮት ከፍቶ ተራራ ማየት ለማንም አልተከለከለም። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ኮረብታ እሠራለሁ። ባለቤቴ ይህን ለሰው ስትናገር ሕመሜን እንደምታወራ ሁሉ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ጨዋታውን ያመጣብኝ የእስቴ አገር ሰው የሆነ ጓደኛዬ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ነው። ከስልኩ ላይ አይቶ ተማረና አስተማረኝ። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች አሰልፎ፣ የሉዶ ዳይስ እየወረወረ ይዋጋል። ኮረብታ የያዘ ወታደር ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ አርቆ ይመታል። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል። መሸነፉን እንኳ እችለው ነበር፤ የሚያንገበግበኝ ካሸነፈ በኋላ ተማሪው የሆንኩ ይመስል ስህተቴን በትዕግሥት ማስረዳቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ላሸንፈው እንጂ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ስለዚህ ትልቅ ኮረብታ ሠራሁ። የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በጋለ ቢላዋ ቆርጬ ደራረብኩ። ጓደኛዬ ያሳየኝ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ከላዩ ልዩ ማጣበቂያና ቀለም ይቀባዋል። እኔ ያንን ከየት አባቴ ላምጣ? አባቴ አውድማ ሲለቀልቅ እንዳየሁት፣ እበት ከጭቃና ከደቃቅ ጭድ ጋር አቡክቼ ለቀለቅኩት። ሲደርቅ አናቱ ስንጥቅጥቅ ብሎ ቡናማ ሆነ። በራሴ ኮራሁ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። ሐሙስ ግን የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ባለቤቴ «ይህን እበትህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳ፤ አለዚያ ምድጃ ውስጥ ነው የምጨምረው» አለችኝ። እንዳይፈረካከስ ሰፌድ ላይ አስቀመጥኩት፤ አቧራ እንዳይነካው ንጹሕ ነጠላ አልብሼ ጓዳ አኖርኩት። ጉዱን ያመጣው ያ ነጠላ ነው።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ የነፍስ አባታችን መጡ፤ ዳቦው ይቅረብ ተባለ። ልታግዝ የመጣች ጎረቤታችን ጓዳ ገብታ ነጠላ የለበሰውን ክብ ነገር አንሥታ አመጣችና አባ ፊት አስቀመጠችው። «ኩፍ ብሏል፣ ቀለል ያለ ነው» ብላ ባለቤቴን አመሰገነቻት። ባለቤቴ ሰፌዱን ለይታዋለች፤ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። አባ ጸሎቱን ጀምረዋል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ በጸሎት መሃል «እሱ ኮረብታ ነው» የሚል ወንድ ካለ ይምጣና ይበል።

አባ በመስቀላቸው ባረኩ፣ ነጠላውን ገለጡ፣ ቢላዋውን ሰደዱት። ቢላዋው ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ገባ። አባ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ልጄ፣» አሏት ባለቤቴን ቀስ ብለው፣ «ይህ የምን ዱቄት ነው?»

«የሱ ነው አባቴ፤ ጦርነት የሚጫወትበት ኮረብታ ነው።»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት አባ ናቸው። እውነተኛው ዳቦ ወጣ፣ ተባረከ፣ ተበላ። ማኅበርተኛው ሲሄድ ባለቤቴ ሰፌዱን አንሥታ ወደ ምድጃው አመራች፤ እዚያ ስትደርስ ቆመች። መስቀል ያረፈበትን ነገር እሳት ውስጥ መጨመር አልሆነላትም። እየተነጫነጨች መልሳ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ጓደኛዬ መጣ። ኮረብታውን በእኔ በኩል አደረግሁ፣ ወታደሮቼን አናቱ ላይ ደረደርኩ፣ ቢላዋው የገባበትን እያሳየሁ ታሪኩን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ልጅ ሳለ ዲያቆን እንደነበር አውቃለሁ፤ የነገርኩትም ስለማውቅ ነው። ዳይሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«አውርዳቸው፤ ሜዳ ላይ እንዋጋ» አለኝ።

«ተመችቷቸዋል» አልኩት።

የተባረከ ነገር ላይ ወታደር ለማውጣት እጁ አልታዘዝ አለው። ወታደሮቹ ዙሪያውን ሲንከራተቱ ከላይ ሆኜ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አሸነፍኩ። ደስታዬን ልደብቅ አልሞከርኩም፤ ባለቤቴ እንኳ ከጓዳ ወጥታ «ምን ሆነህ ነው?» እስክትለኝ ድረስ ዘፈንኩ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ልሳለም ወደ አባ ስጠጋ ጓደኛዬ ቀድሞኛል። ጋቢው ሥር አንድ ትልቅ ክብ ነገር አቅፏል፤ እበት እበት ይሸታል።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉት አባ።

ጓደኛዬ እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ፣ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

«ዳቦ ነው፣ አባቴ» አለ።