ካውያ፣ ሹሩባና የሙሉ ጸጉር

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ ማዕረግ «ያዥ» የሚል ነበር። የምይዘውም የሰው ትከሻ ነው። በመካነ ኢየሱስ ከተማ በሹሩባ ሥራ ከእትዬ ጥሩነሽ የሚስተካከል አልነበረም፤ እሷ ስትጎነጉን ደንበኛዋ ሕመሙን ፈርታ እንዳትሸሽ ከኋላ ጫን አድርጎ መያዝ የኔ ፈንታ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት የቄስ ሚስት ነበሩ። ሲገቡ ግንባራቸው ተሸብሽቦ ነበር፤ ሲወጡ ከመወጠሩ የተነሣ ደብሩ ወስዶ ለከበሮ ቢገለገልበት ያስተጋባ ነበር። ቅንድባቸውም ወደ አናታቸው ተሰዶ ሳምንት ሙሉ የደነገጡ መስለው ከረሙ። እንባቸውን እየጠረጉ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሄዱ።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ አስለቀስናቸው?» አልሁ።

«ያላስለቀሰ ሹሩባ ለማግስቱ አይቆይም» አለችኝ። የቤታችን ሕግ ይኸው ነበር።

በሥራችን እንደ ቤተ ክህነቱ ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ያዥ ነሽ። ቀጥሎ ፈቺ ትሆኛለሽ፤ አሮጌውን ሹሩባ በወስፌ እየፈታሽ ቅማሉን ከርስቱ ትነቅያለሽ። ሦስተኛው ፈለግ አውጪ ነው፤ ጸጉሩን በሚዶ አበጥረሽ የራስ ቅሉን እንደ እርሻ ትልም ቀጥ ቀጥ አድርገሽ ትከፍያለሽ። ከዚያ የማጅራት ሠሪ ነሽ፤ ማጅራት ላይ ብታበላሺ ባለቤቷ አታየውምና። ግንባር የሚሰጥሽ ጵጵስና ስትደርሺ ነው። እኔ ግንባር ላይ ስሾም እትዬ ጥሩነሽ ዓይኗ ደክሞ ግንባርና ማጅራት ይምታታባት ነበር። የተሾምሁት በሙያዬ ይሁን በሷ ዓይን እስከ ዛሬ አልተጣራም።

የራሴን ቤት የከፈትሁት መኪና ማቆሚያው አጠገብ ነው። ቤት አልሁት እንጂ ሁለት በርጩማ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የቅቤ ቅልና አደስ የቋጠርሁበት ጨርቅ ነበር። መስታወቱ በመሰንጠቁ አንዲት ደንበኛ ስትገባ ሁለት ሆና ትታያለች። ቤቴ ሁልጊዜ ሰው ሞላበት ተብሎ የተወራልኝ በሱ ነው።

ከደብረ ታቦር በሚመጣው መኪና ጨው፣ አቡጀዲና ሐሜት ይመጣልን ነበር። አንድ ቀን ካውያ መጣ። እጀታው እንጨት፣ ጥርሱ ብረት የሆነ ማበጠሪያ ነው፤ ፍም ላይ ይግልና ጸጉሩን ይተኩሰዋል። የተተኮሰ ጸጉር ቀጥ ብሎ ትከሻ ላይ ይተኛል፤ ዝናብ እስኪነካው ድረስ። ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ አበባ ወይዘሮ ተተኩሳ ከቤቴ የወጣች ሴት፣ ባሏ ደጃፍ ስትደርስ በግ መስላ ትገባለች።

እኔም ገዛሁ። ዘመን ያመጣውን የሚሳደብ ባለሙያ ጦሙን ያድራል። ደንቡን ግን ቶሎ ያዝሁ። ጸጉሩ ይታጠባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቅቤ በዚያ ዕለት በአጠገቡ አያልፍም። ካውያው መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሞከራል። ጨርቁን ካጠቆረው ጋብ እስኪል ወደ ጎን ይቀመጣል። ለጨርቅ ያልራራ ብረት ለሰው አይራራም።

ሙሉ የጤና ጣቢያው ረዳት ነበረች፤ መርፌዋ አያምም እየተባለ ጤነኛው ሁሉ ታመምሁ የሚልላት። ኅዳር ላይ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እትዬ ወርቄ፣ እንዳይሥቁብኝ።»

«የምሥቅበት ሰው ሞልቶኛል፤ ለዓመትም ተራ አይደርስሽ። አውልቂው።»

አወለቀችው። እንኳን እኔ ልሥቅ፣ በር ላይ ስታስካካ የነበረችው ዶሮ ዝም አለች።

የሙሉ ጸጉር ከተፈጥሮው ቀጭንና ሥሥ ነው፤ አሁን ደግሞ ጫፉ ቀልቶ፣ መሐሉ ተሰባብሮ፣ ከጆሮዋ በላይ እሳት የገባበት የገብስ ማሳ መስሏል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«አክስቴ ናት። ከደብረ ታቦር ካውያ ይዛልኝ መጣች። ለሠርግሽ ተለማመጂበት ብላ።»

«ታጥበሽ ነበር?»

«ኧረ ቅቤ ተቀብቼ ነበር። እሷም እንዲለሰልስ ብላ ጨመረችበት።»

«ቅቤው ላይ ተኮሰችሽ?»

«ቸስ ሲል ሰማሁት። የጎረቤቱ ውሻ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ሥጋ መስሎት። እስካሁንም ከኋላዬ አልጠፋ ብሏል።»

አክስቲቱን አልፈርድባትም። በእኛ አገር ቅቤ ለራስ ምታትም፣ ለአራስም፣ ለእንግዳም መድኃኒት ነው። የጋለ ብረት ሲነካው ግን ወጥ መሥሪያ መሆኑን ማን ይንገራት?

ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሙሽራው ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ የሚያስተምር መምህር ሲሆን፣ እናቱ ወይዘሮ አዛለች «ምራቴ ደቃቅ ሹሩባ ተሠርታ ትምጣልኝ» ብለው ከዚያው ልከዋል። ሙሉ ራሷ ደግሞ የተተኮሰ ፈልጋለች፤ ፎቶግራፍ ላይ ያየቻትን አንዲት ሴት መምሰል አምሯታል።

«ብተኩስሽ ጸጉርሽ ካውያው ላይ ይቀራል» አልኋት። «ደቃቅ ሹሩባ ብሠራሽ ደግሞ እጄ ላይ ይቀራል።»

«ሌላ የለም?»

«አለ። የተቃጠለውን ቆርጦ ከሥሩ እስኪያድግ መታገሥ።»

ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። የፈራችው ገብቶኛል። በአገራችን ሴት ጸጉሯን የምትቆርጠው ሰው ሲሞትባት ነው። ጸጉሯን ያሳጠረች ሙሽራ መርዶ ይዛ ጎጆ የምትገባ ናት፤ የወንዱ ዘመዶች ገዱ ከፋ ብለው በቅሏቸውን ቢያዞሩ ማንም አይፈርድባቸው። ሙሉ ልጁን ትወደዋለች። ለእጣት ርዝመት ጸጉር ብላ ልታጣው ነው።

እስከ ጥር እንሞክር ተባባልን። ተልባ አፍልቼ ያን ሙጫ የመሰለ ውሃውን እቀባታለሁ። ሚዶውን ሰቅዬ በጣቴ እፈታታለሁ። ከዚያ ሳልጎትት፣ በወፍራሙ፣ ላላ አድርጌ እጎነጉናለሁ። እትዬ ጥሩነሽ ብታየኝ ኖሮ ከግንባር አውርዳ ወደ ያዥነት ትመልሰኝ ነበር። ከሥሩ ጤነኛ ጸጉር ብቅ አለ። የተቃጠለው ግን በነካሁት ቁጥር እየተሰበረ ቀሚሷ ላይ ይረግፋል።

ገና ሲፈሰክ ወይዘሮ አዛለች በበቅሎ መጡ። ስለሳቸው የሰማሁት ሁሉ የሚያስፈራ ነበር፤ ወገዳ ላይ ጅብ እንኳ ደጃቸውን ዞሮ ያልፋል ይባላል።

«ምራቴን የምትሠራው የታለች?» አሉ፣ በሩን ሞልተው።

«እኔ ነኝ እመይቴ። ይግቡ።»

ሙሉ በርጩማው ላይ ነበረች። ሻሿን እንድታወልቅ በዓይናቸው አዘዟት። አወለቀች። ወይዘሮ አዛለች ዞረው አዩዋት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ተቃጥሎ ነው፣ እማማ» አለች ሙሉ።

«ሹሩባውስ?»

እኔ ገባሁበት። «ደቃቁን ከሠራሁት ከሥሩ ይነቀላል፣ እመይቴ። ቀጭን ጸጉር ሲጎተት ኖሮ ከተነቀለ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።»

«ላይበቅል ይችላል!» አሉ በምፀት። ሄደው በሩን ዘጉና ጥቁር ሻሻቸውን ፈቱት።

ከሁለቱም ጆሮዎቻቸው በላይ እስከ ግንባራቸው ድረስ አንዳች የለም፤ በቅሎ የሚያስጋልብ አውድማ ነው።

«እኔም ወጣት ሳለሁ ጸጉሬ እንደሷው ቀጭን ነበር» አሉ። «ለየፋሲካው፣ ለየጥምቀቱ ያን ሁሉ መንገድ እዚሁ እየመጣሁ ነበር የምሠራው። ጥሩነሽ የምትባል ነበረች፤ እጇ የበሬ ጉልበት ያለው። እንዳልነሣ ደግሞ አንዲት ቀበጥ ልጅ ትከሻዬን ይዛ እላዬ ላይ ትሥቃለች።»

ተልባው እንዳይገነፍል ብዬ ወደ ምድጃው ዞርሁ።

«ያች ልጅ ዛሬ የት ትሆን ይሆን?» አሉ።

«ምን አውቄ፣ እመይቴ» አልሁ፣ ምድጃውን እያማሰልሁ። ተልባው ሌላው ምድጃ ላይ ነበር።

ወይዘሮ አዛለች ወደ ሙሉ ዞሩ። «ጸጉሩ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ሙሉ መስታወቱን አየችው። ሁለቱም ሙሉዎች መልሰው አዩዋት። ኋላ ተነሥታ መቀሱን ከቅርጫቴ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቆረጥ» አለች። «ሰው የሚያየኝ የሠርጌን ዕለት ነው። ራሴን ግን ዕድሜ ልኬን የምሸከመው እኔ ነኝ።»

«ዘመዶቼን ለኔ ተይልኝ» አሉ ወይዘሮ አዛለች፣ ሻሻቸውን እየጠመጠሙ።

ቆረጥሁ። የቀላውን ሁሉ አወረድሁት፤ ጤነኛውን ክብ አድርጌ ቅርጽ አወጣሁለት። ስጨርስ አንገቷ ከሻሹ ሥር ተደብቆ የኖረ የሚዳቋ አንገት ሆኖ ብቅ አለ። ወይዘሮ አዛለች ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው «ልጄ ይኼን ሲያይ ማስተማር ይተዋል» አሉ። ውሻውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኝነቱን አቋረጠ።

የሠርጉ ዕለት ሙሉ ካባዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ዳስ ገባች። እኔ ከሚዜዎቹ ኋላ ነበርሁ። ካባው ከራሷ ሲወርድ እልልታው ግማሽ ላይ ተቆረጠ። አዝማሪው ማሲንቆውን ከደረቱ አላቀቀ። የሙሽራው አጎት፣ ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ፣ ከመደቡ ብድግ አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ? በሠርግ ቀን! ማን ሞቶባት ነው?»

ሙሽራው ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቱ ቀደሙት።

«ጸጉሯ ነዋ! ቅቤና እሳት ተባብረው ገደሉት። እኔው ቆሜ አስቀብሬዋለሁ። ይኼው ተዝካሩ ነው፤ ቁጭ በልና ብላ!»

አጎትየው ጉርሻቸውን አዩ፤ እህታቸውን አዩ። ቁጭ ብለው በሉ። መጀመሪያ የሣቀው ሙሽራው ነው፤ ከዚያ ዳሱ በሣቅ ምሰሶው እስኪነቀነቅ ድረስ ተንጫጫ። አጎትየው ያን ቀን የጸጉር ተዝካር ብቻ ሳይሆን የጥፍርም፣ የቅንድብም በልተው ነው የተነሡት።

በዓመቱ ሙሉ ለጥምቀት መጣች። ጸጉሯ ስንዝር ሆኗል፤ ቀጭንነቱ ያው ነው፤ ጤናው ግን ተመልሷል። ላላ ያለ ወፍራም ሹሩባ ሠራኋት። «ካውያውስ?» ብላት፣ «ለልጄ ሠርግ ታጥቤ እመጣለሁ» አለችኝ። ወይዘሮ አዛለችም የቀረቻቸውን ጥቂት ጸጉር ለማሠራት ከኔ ሌላ ሰው ጋር አይሄዱም። ያችን ቀበጥ ልጅ ግን ዛሬም ይጠይቁኛል።

እኔ ያዥ ቀጥሬ አላውቅም። ደንበኛ ተይዛ የምትሠራ ከሆነ ሥራው ተሳስቷል። ቀጭን ጸጉር አይጎተትም። ቅቤ የነካው አይተኮስም። የተቃጠለው ይቆረጣል፤ መቀሱን የምታነሣው ግን ባለጸጉሯ ናት።